ከመጅ እስከ ሞተር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዚህ እትም ልንነጋገርበት የመረጥነው ጉዳይ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ያለ ይመስላል፤ ነገር ግን በየዕለቱ ከማዕዳችን ላይ የምናገኘው ነው። ይኸውም ሞተርና ፋብሪካ የሰውን የዕለት ኑሮ እንዴት እንደለወጡት፣ እኛ ክርስቲያን ወጣቶችም ይህን ለውጥ በምን ዓይን ልናየው እንደሚገባን ነው።

ስለዚህ ነገር ሁለት ዓይነት አነጋገር እንሰማለን። አንዳንዱ መኪና የሠራውን ሁሉ ሥልጣኔ፣ የእጅ ሥራን ሁሉ ኋላ ቀርነት አድርጎ ይቈጥራል። ሌላው ደግሞ ሃይማኖትን ያቀዘቀዘውና ሰውን ከሰው ያለያየው የሞተር ዘመን ነው እያለ ያዝናል። እኛ በአንዱ ወገን ከመቆማችን በፊት ሦስት ጥያቄዎች እንጠይቅ። ሞተሩ ሸክም ያወረደው ከማን ትከሻ ላይ ነው? በተረፈው ጊዜ ምን ተሠራበት? ሞተሩ ከመምጣቱ በፊት ኑሯችንን ተሸክሞ የኖረውን እጅስ ምን ያህል አከበርነው?

1. የወፍጮ ድምፅ

በወገራ፣ በዳባት፣ በደባርቅም ሆነ በጃናሞራ ደጋ ያደገ ሰው የወፍጮን ነገር ከእናቱ ጉልበት ያውቀዋል። እናት ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥታ፣ ሕፃኗን አዝላ፣ ከወፍጮው ኋላ ትንበረከካለች። መጁን በሁለት እጇ ይዛ ገብሱን፣ ስንዴውን ወይም ጤፉን ትሸረክታለች፤ መልሳም እስኪልም ድረስ ትፈጨዋለች። ወፍጮው ሲለሰልስባት ትወቅረዋለች። የቤተ ሰቡ የዕለት ዱቄት ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ለማኅበር፣ ለሠርግ ወይም ለተዝካር ሲሆን ደግሞ ጎረቤት ተጠራርቶ ሌሊቱን በእንጉርጉሮ ሲፈጭ ያድራል። እጅ ይላጣል፤ ወገብ ይጎብጣል፤ ጉልበት ይደነድናል። አባቶቻችን የበሉት እንጀራ በዚህ ዋጋ የተገዛ ነበር።

መጽሐፍ ቅዱስም ይህን ድካም ያውቀዋል። በኦሪት ዘፀአት ምዕ. 11 ቁ. 5 ላይ የግብፅ ሰው ከንጉሡ ዙፋን ጀምሮ እስከ ታች ሲቈጠር፣ በመጨረሻ የምትገኘው ከወፍጮ ኋላ ያለችው ገረድ ናት። ኃያሉ ሶምሶን በጠላቶቹ እጅ በወደቀ ጊዜ ያዋረዱት እህል በማስፈጨት ነበር (መሳ. 16፥21)። ጌታችንም ስለ ዳግም ምጽአቱ ሲያስተምር አብረው የሚፈጩ ሁለት ሴቶችን በምሳሌ አንሥቷል (ማቴ. 24፥41)። ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው ግን በኦሪት ዘዳግም 24፥6 የምናገኘው ሕግ ነው። አበዳሪ ከተበዳሪው ቤት ወፍጮውንም ሆነ መጁን መያዣ አድርጎ እንዳይወስድ ይከለክለዋል፤ ምክንያቱም ወፍጮውን የወሰደ የባለቤቱን ነፍስ እንደ ወሰደ ይቈጠርበታል። እንግዲህ እግዚአብሔር የድሀውን የሥራ መሣሪያ ከነፍሱ ለይቶ አላየውም ማለት ነው። ይህን ነገር ልብ እንበለው፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከጊዜ በኋላ የናፍጣ ወፍጮ መጣ። መጀመሪያ በከተሞችና በመኪና መንገድ ዳር፣ ቀጥሎም በገጠር ገበያዎች ተተከለ። ድምፁ ከጋራ ማዶ ይሰማል። እህሉ በአህያ ወይም በሰው ጀርባ ተጭኖ ይሄዳል፤ እናት ስታነጋበት የነበረው ሥራ በደቂቃዎች ያልቃል። በጎንደር ከተማ ደግሞ ወፍጮው በመብራት ኃይል ይዞራል። ናፍጣ ሲታጣ ወይም መብራት ሲጠፋ የተተወው መጅ ከጥግ ይነሣል፤ ያን ጊዜ ሞተሩ ምን ያህል ሸክም አውርዶልን እንደ ነበር እናስታውሳለን።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቃላችን ምስጋና ይሁን። ሞተር ሃይማኖትን አጠፋ የሚል ወጣት ቢኖር አስቀድሞ እናቱን ይጠይቅ። ከእናት ወገብ ላይ ሸክም ያወረደ ጥበብ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ የጠላት ሥራ አይደለም።

2. የተረፈው ጊዜ የት ገባ?

ሴት ልጅ ከወፍጮው ተነሥታ ወደ ትምህርት ቤት ከሄደች ሞተሩ መልካም ሥራ ሠራ። ነገር ግን ከወፍጮው ተነሥታ ወደ እንጨት ለቀማና ወደ ውኃ ቀድታ ከተላከች፣ ወንድሟ ግን ከጥላ ሥር ተቀምጦ ከዋለ፣ ሞተሩ ያተረፈላትን ጊዜ የወሰደባት ሰው አለ። እኛ ወንዶች ልጆች ራሳችንን እንፈትሽ። እህሉን ተሸክሞ ወደ ወፍጮ ቤት የሚሄደው ማን ነው? ከወረፋው መካከል ቆሞ ተራ የሚጠብቀውስ? ዱቄቱ ቤት ሲደርስ «እንጀራ አለ ወይ?» ብለን ከመጠየቅ በቀር በዚያ መንገድ ላይ እጃችን የቱ ላይ አለበት?

ጌታችን በማርታና በማርያም ቤት በተገኘ ጊዜ ማርታን የገሠጻት ስላስተናገደችው አልነበረም፤ በብዙ ነገር ስለ ተጨነቀች ነው እንጂ (ሉቃ. 10፥38-42)። ዛሬ የማርታ ሥራ ብዙው በመኪና ሆኗል። ታዲያ ከጌታ እግር ሥር የሚቀመጡት ማርያሞች ስለ ምን አልበዙም? አያቶቻችን ሌሊት ሲፈጩ አድረው ኪዳን ለማድረስ ይገሰግሱ ነበር። እኛ በሞተር የተፈጨውን በልተን፣ በመኪና ተጉዘን፣ በስልክ ተነጋግረን ስናበቃ ለማስቀደስና የታመመ ለመጠየቅ ጊዜ የለንም እንላለን። ጊዜው ግን አልጠፋም። በከንቱ ወሬ ላይ ስናፈሰው እንውላለን።

ሌላም ነገር አለ። በአገራችን ሥርዓት በሰንበትና በታላላቅ በዓላት ወፍጮ አይሰማም ነበር። እናት የቱንም ያህል ብትደክም የምታርፍበት ቀን ነበራት። ሞተር ግን አይደክምም፤ እርሱ ስለማይደክምም ባለቤቱ አብሮት የሚቆመው ሠራተኛ እንደሚደክም ይረሳል። በዱቄት ብናኝ ተሸፍኖ ከጠዋት እስከ ማታ ቋት ሥር የሚቆመውን ልጅ ስንቶቻችን ስሙን ጠይቀን እናውቃለን? ኦሪት ዘዳግም 5፥14 ሰንበትን ያዘዘው ለጌታው ብቻ አይደለም። አገልጋዩም እንደ ጌታው እንዲያርፍ፣ በሬውና አህያውም ሳይቀሩ እንዲያርፉ ነው።

ይህን የረሱ አገሮች ምን እንደ ደረሰባቸው ከታሪክ እንማራለን። የፋብሪካ ዘመን አስቀድሞ በተጀመረባት በእንግሊዝ አገር ሕፃናት ሳይቀሩ በጥጥ መፍተያ ፋብሪካዎች በቀን 12 ሰዓትና ከዚያም በላይ ይሠሩ ነበር። ከ9 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በአብዛኞቹ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች እንዳይቀጠሩ የሚከለክለው ሕግ የወጣው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1833 ነው። ከዚያ አስቀድሞ በ1780 ሮበርት ሬይክስ የሚባል ጋዜጣ አሳታሚ ግሎስተር በምትባል ከተማ ሳምንቱን ሙሉ ሲሠሩ ለሚሰነብቱ ድሆች ልጆች በእሑድ ቀን ማንበብና ሃይማኖት የሚማሩበትን ትምህርት ቤት አቋቁሞ ነበር። ከሳምንቱ ቀኖች ለእነርሱ የቀረችላቸው እሑድ ብቻ ነበረችና። የእኛ ጉባኤ የአባቶቻችንን ትምህርትና ሥርዓት የሚከተል ነው። ቢሆንም «የሰንበት ትምህርት ቤት» የሚለው ስም በዓለም ላይ የተስፋፋው በፋብሪካ ጊዜያቸውን ለተነጠቁ ልጆች ከማሰብ መሆኑን ስናውቅ፣ ዛሬ በጎንደር ከተማ እሑድ ጠዋት በሥራ ላይ የሚውለውን እኩያችንን ማሰብ የእኛም ፈንታ መሆኑ ይገባናል።

3. ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእናት

ስለ ምግብ ከተናገርን ስለ ልብስም ጥቂት እንበል። ዱሮ ጥጡ ከቆላ ወጥቶ፣ ተዳምጦ፣ ተነድፎ፣ በእንዝርት ተፈትሎ፣ በሸማኔ እጅ ነበር ልብስ የሚሆነው። ከዚያ የፋብሪካ ክር መጣ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከጣሊያን የጦርነት ካሣ በተገኘ ገንዘብ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቋቋመ። ወራሪው በ5 ዓመት ቆይታው ካደረሰብን ጥፋት ካሣ ሆኖ የተገኘው ነገር ለብዙ ሰው ልብስና እንጀራ ሆነ።

ሸማኔው በዚህ ጊዜ ሥራውን አልተወም። እግሩን ከጉድጓዱ አስገብቶ፣ መወርወሪያውን ይዞ፣ ድሩን ከፋብሪካ ክር፣ ማጉን እናቶች ከፈተሉት አድርጎ መሥራት ቀጠለ። ብዙዎቻችን ማኅሌት ለመቆምና ለማስቀደስ የምንለብሰው ጋቢና ነጠላ በዚህ ዓይነት የተሠራ ነው፤ መኪናና እጅ በአንድ ልብስ ላይ ተስማምተው ይኖራሉ። እንዲህ ሲሆን መልካም ነው። አሁን አሁን ግን የሸማን ጥለት በማተሚያ የሚመስል የፋብሪካ ጨርቅ ገበያውን ሞልቶታል። ዋጋው ርካሽ ስለሆነ እንገዛዋለን፤ የሸማኔው ቤት ግን ዕቃው እየተሰቀለ ነው። በእንግሊዝ አገር በ1811 እና በ1812 ሠራተኞች እንጀራችንን ነጠቁን ብለው መኪናዎቹን በመዶሻ ሰባብረው ነበር። እኛ ስበሩ አንልም። ነገር ግን ወፍጮ በመያዣ እንዳይወሰድ የከለከለውን ያን ሕግ እናስታውስ። የሰውን የሥራ መሣሪያ ከእጁ የሚያስጥለው አበዳሪ ብቻ አይደለም፤ ገዢም ነው። ለበዓል ነጭ ስንለብስ የማንን እጅ እንደ ለበስን እንጠይቅ።

4. የናቅነው እጅ

አሁን ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እንምጣ። ይህ የሚያሳፍረን ነው።

የጎንደርን ግንቦች ስናይ እንኮራለን። ከዐፄ ፋሲል ጀምሮ ነገሥታቱ በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት ያሠሯቸውን እነዚያን ግንቦች ድንጋዩን የጠረበው፣ ኖራውን ያበሰለው፣ ብረቱን የቀጠቀጠው ማን ነው? ከግንበኞቹና ከቀጥቃጮቹ መካከል ቤተ እስራኤል ነበሩባቸው። ለገበሬው ማረሻና ማጭድ፣ ለእናት ምጣድና እንስራ የሠሩት እነርሱና እንደ እነርሱ ያሉ ባለ እጆች ናቸው። እኛስ በምላሹ ምን ሰጠናቸው? «ቡዳ» አልናቸው። ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ብለን አወራንባቸው። በማረሻቸው አርሰን፣ በምጣዳቸው ጋግረን ስናበቃ ምግባችንን ከዓይናቸው ሸሸግን። ቤተ እስራኤል በብዛት በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄዱ። ዛሬ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር በወለቃ የሸክላ ሥራ ለእንግዳ ሲሸጥ ስናይ፣ ስለ ሸክላው ውበት ከማውራታችን በፊት ስለ አፋችን ኃጢአት እናስብ።

ከዚሁ አገር ይህን ነገር በሌላ መንገድ ያየ ንጉሥ ተነሥቶ ነበር። በቋራ ተወልዶ በ1847 ዓ.ም. በስሜን ደረስጌ ማርያም ዘውድ የጫነው ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ባለ እጆችን ሰበሰበ። ለስብከት የመጡትን የአውሮጳ ሰዎች ብረት አቅልጡልኝ አላቸው፤ የአገሩንም ሰዎች አብረዋቸው እንዲሠሩ አደረገ። መንገድ ሲሠራ ራሱ ድንጋይ እየፈነቀለ ከሠራተኛው ጋር ይውል ነበር። ንጉሥ በእጁ መሥራቱ በዚያ ዘመን ታላቅ ትምህርት ነበር። ነገር ግን የጋፋት እሳት ማረሻና ወፍጮ አልወለደም። የወለደው 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ነው። ያው ንጉሥ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠላት፤ አብያተ ክርስቲያናቷንም አዘረፈ። መድፉም በብዙ ሰው እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ፤ በ1860 ዓ.ም. ግን ንጉሡን አላዳነውም። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕ. 2 ቁ. 4 ሰይፍ ተለውጦ ማረሻ የሚሆንበትን ቀን አይቶ ነበር፤ ጋፋት ግን ማረሻ ሊሆን የሚችለውን ብረት መድፍ አደረገችው። ከዚህ የምንማረው እጅን ማክበር ብቻውን እንደማይበቃ ነው። እጁ የሚሠራው ነገር ለሕይወት መሆን አለበት።

ከእርሱ በኋላ ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው የሚሳደብ ሰው እንዲቀጣ በአዋጅ ከለከሉ። አዋጁ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ልብን የሚለውጠው አዋጅ ሳይሆን ወንጌል ነው። ወንጌል ደግሞ ምን ያህል ግልጽ ነው! የናዝሬት ሰዎች ጌታችንን የናቁት የጸራቢ ልጅ ነው ብለው ነበር (ማቴ. 13፥55፤ ማር. 6፥3)። ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ ይበላ ነበር (የሐዋ. 18፥3)። በኦሪት ዘፀአት ምዕ. 31 እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ በመንፈሱ ሲሞላው፣ ወርቅ፣ ብርና ናስ እንዲሠራ፣ ድንጋይ እንዲቀርጽ፣ እንጨት እንዲጠርብ ነው። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 በከውር አጠገብ ሆኖ ከእሳቱ ወላፈን ጋር የሚታገለውን አንጥረኛ፣ በእግሩ መንኮራኩር የሚያዞረውን ሸክላ ሠሪ እየዘረዘረ፣ ያለ እነርሱ ከተማ እንደማይቆም፣ የእጃቸው ሥራም ጸሎታቸው እንደ ሆነ ያስተምራል። ታዲያ እግዚአብሔር መንፈሱን ያሳደረበትን እጅ የሰይጣን ማደሪያ ብሎ መስደብ ምን ይባላል? ሐዋርያው በ1ኛ ቆሮንቶስ 12፥21 ዓይን እጅን አልፈልግህም ማለት እንደማይቻላት ያስረዳል። እኛ ግን ዓይናቸውን ፈርተን እጃቸውን ተጠቀምን።

ይህን የምንጽፈው ያለፈውን ትውልድ ለመውቀስ አይደለም። ከእኛው ጉባኤ አንድ ወንድም ነበር፤ አባቱ ቀጥቃጭ ነው። አንድ ቀን ጠበል ጻዲቅ ስንካፈል ከመካከላችን አንዳንዶቻችን ቁራሹን በነጠላችን ከለልን። አየን፤ ምንም አልተናገረም። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም፤ ከዚያም በኋላ አልመጣም። ከጥቂት ወራት በኋላ ይህችን ጽሑፍ የምናባዛባት መኪና ጥርሷ ተሰብሮ ቆመች። ያን ጊዜ አስታወስነውና ላክንበት። መጣ፤ የተሰበረውን አይቶ ሄደ፤ በማግሥቱ ከአሮጌ ብረት ቀርጾ የሠራውን አምጥቶ ገጠመው። ዋጋውን ብንሰጠው አልተቀበለንም። በኋላ ተሰብስበን ቤቱ ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። አባቱ በክብር አስተናገዱን፤ እርሱም ይቅር ብያለሁ አለን። ይሁን እንጂ እስካሁን ወደ ጉባኤው አልተመለሰም። አሁን በእጃችሁ የያዛችኋት ወረቀት የወጣችው እርሱ በሠራው ብረት ነው።

5. ማጠቃለያ

የተወደዳችሁ፤ ሞተር የማይጾምና የማይጸልይ ዕቃ ነው። በጎነትም ሆነ ክፋት የሚገኘው ከያዘው ሰው ልብ ነው። ስለዚህ ከዚህ ንባብ ሦስት ነገር ይዘን እንነሣ።

አንደኛ፤ ከእናቶቻችንና ከእኅቶቻችን ላይ የወረደው ሸክም በሌላ ሸክም እንዳይተካ ወንዶች ልጆች እህሉን እንሸከም፣ ወረፋውን እንጠብቅ። ይህ የሴት ሥራ ነው የሚል ቢኖር ሶምሶንን ወፍጮ ያስፈጩት ጠላቶቹ መሆናቸውን ያስብ፤ እኛ ግን በፍቅር ብንሠራው ውርደት አይደለም።

ሁለተኛ፤ በሞተር አጠገብ የሚቆመውን ሠራተኛ እንወቀው። በሰንበት ካላረፈ የማያሳርፈውን አሠሪ በትሕትና እንለምን፤ ለእርሱ የሚመች የትምህርት ሰዓትም እናዘጋጅ። ሰንበት ለእኛ ብቻ አልተሰጠችም።

ሦስተኛ፤ «ቡዳ» የሚለው ቃል ከዛሬ ጀምሮ ከጉባኤያችን አንደበት ይጥፋ። ሲነገር ሰምቶ ዝም ያለም እንደ ተናገረው ይቈጠር። በዩኒቨርሲቲ ስለ መኪና አሠራር የምንማር ወጣቶች ከመጽሐፍ የምናገኘውን ጥበብ አባቶቻቸው በከውር አጠገብ ሲሠሩት የኖሩ እንዳሉ አንርሳ። ብረት የሚያቀልጥ የውጭ አገር ሰው ሲመጣ መሐንዲስ ብለን የምናከብር፣ የአገራችን ሰው ሲያቀልጥ የምንፈራ ከሆነ፣ ፋብሪካ ቢተከልልንም የፋብሪካው ተመልካቾች ብቻ ሆነን እንቀራለን።

ዮሐንስ በራእዩ ምዕ. 18 ቁ. 22 ስለ ባቢሎን ጥፋት ሲናገር፣ ከዚያች ከተማ ባለ እጅ እንደማይገኝ፣ የወፍጮም ድምፅ እንደማይሰማ ይገልጻል። እንግዲህ በእግዚአብሔር ዘንድ የወፍጮና የመዶሻ ድምፅ የሕያው ከተማ ምልክት ነው። በከተማችን ድምፁ እንዳይጠፋ፣ ድምፁን የሚያሰማው እጅም እንዳይናቅ እንትጋ። የዚያ ወንድማችን ቦታ በጉባኤያችን መካከል እስካሁን ባዶ ነው። ጸልዩልን፤ እኛም እንሂድና ደግመን እንጥራው።

ጸራቢ ተብሎ መጠራትን ያልናቀ ጌታችን የእጃችንን ሥራ ይባርክልን፤ አንደበታችንንም ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።